የጭራቁ ቤትና የይግዛው ደም

ይድረስ ለእህቴ ለዝናሽ ወልደ ሐዋርያት፣ ቤሩት።

እህት ዓለሜ፣ እንደምን ከርመሻል? ደረጃ ስትወጪ የሚይዝሽ ጉልበትሽ ተሻለው ወይስ ዛሬም እየደበቅሽን ነው? እንቅልፍሽስ እንዴት ነው? ምግብ ይበላልሻል? የምትሠሪላቸው አሮጊት ከሆስፒታል ወጡ? በረንዳው ላይ የተከልሽው ጤና አዳምስ ያዘልሽ? ክረምት ክረምት ባሕሩ እስከ መንገዱ እየመጣ ይረጫል ብለሽኝ ነበርና ብርዱን እንዴት አለፍሽው? ናፍቆቴን መጻፍ ከጀመርኩ ወረቀቱ አይበቃኝምና እሱ በልቤ ይቀመጥ። እኛ ፈጣሪ ይመስገን አለን። አባባ ግራ ዓይናቸው ቢደክምም ከማሕሌት አልቀሩም። ባለቤቴ ፀጋም ደኅና ናት። ልጃችን ሊድያ ሁለተኛ ክፍል ገብታ ባገኘችው ግድግዳ ሁሉ ላይ ስሟን ትጽፋለች። እኔም ደኅና ነኝ። ይኼን ስልሽ እንደማታምኚኝ ስለማውቅ ነው ብዕር ያነሣሁት።

በስልክ ልነግርሽ ሦስት ጊዜ ሞከርኩ። አንቺ ታለቅሻለሽ፣ እኔ ዝም እላለሁ፣ መሥመሩ ይቆረጣል። በመሃል ከሰው አፍ የተቃረመ ወሬ ደርሶሽ ኖሮ፣ ቤቱ ተቃጠለ፣ ንጋቱ እጁ ተቆረጠ፣ ንጋቱ ሰው ገደለ ብለው እንዳወሩልሽ ሰማሁ። ቤቱ አልተቃጠለም። ሰውም አልገደልኩም፤ ግን ልገድል ነበር፣ እሱንም አልደብቅሽም። የጎረቤታችን ልጅ እታለም ዕረፍቷን ጨርሳ ወደዚያው ልትመለስ ነውና ደብዳቤውን በእጇ ትሰጥሻለች።

ፊደሌ ቢንጋደድ አትደንግጪ። ከቀኝ እጄ ሌባ ጣቴና የመሃል ጣቴ የሉም። ብዕሩን በአውራ ጣቴና በቀለበት ጣቴ መሃል ይዤ ነው የምጽፈው። ትንሽ ስጽፍ እጄ ይደነዝዛል፣ አርፌ እንደገና እጀምራለሁ። አሁን ግን ለምጄዋለሁ።

መጨረሻ በተደዋወልን ቀን ይኼን የጭራቅ ፊልም ማሳያ ቤት ዝጋው ብለሽኛል። ታላቄ ነሽ፣ ቤቱንም የከፈተው ከመጀመሪያው ኮንትራትሽ ስትመለሺ ተሸክመሽው የመጣሽው ቴሌቪዥን ነው፤ እንደዚያ ማለት መብትሽ ነው። ግን ነገሩን ከሥሩ ሰምተሽ ፍረጂ።

ያን የወልድያ ነጋዴ ታስታውሺዋለሽ፤ በማዳበሪያ ከረጢት ሙሉ አሮጌ የፈረንጅ ፊልም ማንም አልገዛኝም ብሎ እኛ ደጅ ጥሎት የሄደው። አንዱም ደኅና ፊልም አልነበረበትም። የሌሊት ወፏ የተንጠለጠለችበት ክር ይታያል። ከሰማይ የወረደው መንኮራኩር ሁለት የተገጣጠሙ ሳህኖች ነው። ከጨው ጉድጓድ የሚወጣው ያ ትልቁ ጭራቅ ቆዳው ከምንጣፍ የተሰፋ ነው፣ ጀርባው ላይ ዚፕ አለው፣ ሰው ሊያንቅ እጁን ሲዘረጋ የእጅ ሰዓት አስሯል። አንቺ ነሽ ማይክ ይዘሽ አያ ጭራቁ ብለሽ ስም ያወጣሽለት። በወፍራም ድምፅ፣ ግማሹን በአማርኛ ግማሹን በኽምጠኛ፣ ርቦኛል እያልሽ ስታናግሪው ሰው ከአግዳሚው እስኪወድቅ ይሥቅ ነበር። አባባ ሊገሥጹን መጥተው፣ በሩ ላይ ቆመው ትንሽ ካዩ በኋላ፣ ሰይጣን እንዲህ የሚደናቀፍ ቢሆን ኖሮ እኛም ይኼን ሁሉ ባልጾምን ብለው ሄዱ።

አንቺ ከሄድሽ ወዲህ ማይኩን እኔ ያዝኩት። ዛሬ ወጣቱ ሁሉ አዲስ ፊልም በስልኩ አለው። እኔም ዘመኑን ልከተል ብዬ አንድ ሰሞን በብዙ ሚሊዮን የተሠራ፣ ጭራቁ ላቡ ሳይቀር የሚታይበት ፊልም አሳየሁ። ግማሹ ሰው አቋርጦ ወጣ። አንድ ከደሃና ወረዳ የመጣ ገበሬ በር ላይ ያዘኝና፣ እውነተኛውን በጦርነቱ ጊዜ በደጄ ሲያልፍ አይቼዋለሁ፣ ለእሱ ብዬ አግዳሚ ላይ አልቀመጥም፣ ያንን የሚደናቀፈውን አምጣልኝ አለኝ። ከዚያ ወዲህ በየገበያው ቀን ከአያ ጭራቁና ከዘመዶቹ ሌላ አሳይቼ አላውቅም። ቤቱም ሞልቶ ነው የሚውለው።

ይግዛው የሚባለው ሰው መምጣት የጀመረው አምና መስከረም ላይ ነው። ሃምሳውን ያለፈ፣ ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ እሱም የደሃና ገበሬ ነበር። አራት ሰዓት በእግር ተጉዞ ይመጣል፣ ገበያው ውስጥ ትንሽ ይዞራል፣ ከዚያ ሦስተኛው አግዳሚ ላይ ግድግዳውን ተጠግቶ ይቀመጣል። ደም ያለበት ሰው መሆኑን አውቅ ነበር። ድሮ በእርሻ ድንበር ንብረት ከሚባል ጎረቤቱ ጋር ተጣልተው በመጥረቢያ ገደለው፣ እጁን ሰጥቶ ተፈረደበት፣ አሥራ አንድ ዓመት ታሥሮ ወጣ። መንግሥት ፍርዱን ጨረሰ፤ የንብረት ቤተሰብ ግን አልታረቀም። ሽማግሌ ሁለት ጊዜ ተልኮ ሁለት ጊዜ ተመልሷል።

አንድ ቀን ሰው ሁሉ ወጥቶ እኔ ስጠርግ እሱ አልተነሣም። እዚህ ለምን እንደሚመጣ ጠየቅኩት። ወደ ጠፋው ቴሌቪዥን እያመለከተ፣ «ያ መጀመሪያ ላይ የተገደለው ፖሊስ እኮ አልሞተም» አለኝ። «ኋላ ላይ ጺም አድርጎ ሆቴሉ ውስጥ ተቀምጦ ይበላል። ልብ ብለህ እይ።» አሥራ አምስት ዓመት ያሳየሁት ፊልም ነው፣ አንድም ቀን አላየሁትም ነበር። በሚቀጥለው ገበያ ልብ ብዬ ሳይ እውነቱን ነው። ሰው አንሷቸው ኖሮ አንዱን ሰውዬ ሁለት ጊዜ ተጠቅመውበታል። እኔ እንደ ቀልድ ወስጄው ለሰው ሁሉ በማይክ ነገርኩ፣ ሰውም ሣቀ። ይግዛው አልሣቀም። ሰው ገድሎ ለሚኖር ነገሩ ቀልድ አለመሆኑ ያኔ አልገባኝም።

ያ የደም ቀን የዘንድሮው ኅዳር ላይ ነበር። ገበያው ደርቶ ውሏል። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ገደማ አርባ የሚሆን ሰው ገብቶ አያ ጭራቁ ሴትዮዋን ተሸክሞ ገደሉን ሊወጣ ሲል መብራት ሄደ። መስኮቶቹን በጥቁር ላስቲክ ስለምንሸፍን ቤቱ ድቅድቅ አለ። ሰው አጨበጨበ፣ አፏጨ። መብራት ሲሄድ እንደ ጭራቅ መጮህ ደግሞ እኔው ራሴ ያስለመድኳቸው ጨዋታ ነው፤ ጄኔሬተሩ እስኪነሣ አንዱ ይጮኻል፣ ሌላው ይመልስለታል። ወደ ውጭ ወጥቼ የጄኔሬተሩን ገመድ ሳብኩ። አልነሣም አለኝ። ደግሜ ሳብኩ።

ከውስጥ ጩኸት ሰማሁ፣ ቀጥሎም ሣቅ። ሁለተኛው ጩኸት ሲመጣ ሣቁ ቀነሰ። ከዚያ እንጨት ሲፈለጥ የሚሰማ ዓይነት ድምፅ ተከተለ። አግዳሚ ሰበሩብኝ ብዬ እየተናደድኩ በሩን በረገድኩት።

ብርሃኑ ሲገባ ያየሁትን ልነግርሽ ነው። አንድ ጋቢ የለበሰ ሠላሳ ዓመት የሚሆነው ሰው ሦስተኛውና አራተኛው አግዳሚ መሃል ቆሟል። እጁ ላይ አጭር መጥረቢያ ይዟል። ይግዛው መሬት ላይ በጎኑ ወድቆ ግራ እጁን ወደ ላይ አንሥቷል፤ እጁ ከክርኑ በታች በቆዳ ብቻ ነበር የተያዘው። ሰውየው ደግሞ መታው፤ ይኼኛው ትከሻና አንገቱ መሃል ገባ። ደሙ ግድግዳው ላይ እስከ መስኮቱ ድረስ ተረጨ። ሰው እግሬ አውጪኝ ብሎ ወደ በሩ ተመመ። አንድ ሽማግሌ ተረግጠው ጎናቸው ተሰበረ። እኔ በሰው ላይ ተራምጄ ገባሁና መጥረቢያው ለሦስተኛ ጊዜ ሲነሣ እጄን ሰደድኩ። እጀታውን የያዝኩ መስሎኝ ነበር። የያዝኩት ስለቱን ነው።

ያኔ አላመመኝም። ጣቶቼ መሬት ላይ ሲወድቁ አይቼ የእኔ መሆናቸውን አላወቅኩም። ሰውየውን በግንባሬ አፍንጫው ላይ መታሁት፣ ወደቀ፣ መጥረቢያውን ነጠቅኩት። ደረቱ ላይ ተቀምጬ በግራ እጄ አነሣሁት። እህቴ፣ ለአንቺ አልዋሽም፤ አናቱን ልፈልጠው ነበር። ወረድኩበትም። እጀታው በደሜ ርሶ ስለነበር ከእጄ ሾልኮ ጆሮው አጠገብ መሬቱን ሰነጠቀ። ሰው ሁሉ ንጋቱ እግዚአብሔርን ፈርቶ ተወው ይላል። እግዚአብሔርን በዚያች ሰዓት አላስታወስኩትም። እጄ ስላዳለጠኝ ነው።

ከዚያ የወጣው ሰው ድንጋይና የአጥር እንጨት ይዞ ተመለሰ። ያን ሰው ከሥሬ ጎትተው አውጥተው ደበደቡት። በአግዳሚ እግር ፊቱን ሲመቱት መንጋጋው ሲሰበር ሰማሁ። ጨርሱት የሚል ድምፅ ከየአቅጣጫው መጣ። ፀጋ ከጓሮ በኩል እየሮጠች የደረሰችው ያኔ ነው። እኔን አላየችኝም፤ መሃላቸው ገብታ ሰውየውን በብብቱ ይዛ ወደ ዕቃ ቤቱ ጎተተችው። እኔም በአንድ እጄ አገዝኳት። ለምን እንዳገዝኳት ዛሬም አላውቅም፤ እሷ ስትጎትት አይቼ ነው መሰለኝ። በሩን ዘግታ ጀርባዋን ሰጥታ ቆመች። አንድ ድንጋይ ቅንድቧን ፈነከታት። ደሙ ዓይኗ ውስጥ እየገባ፣ ድምፅዋን ከፍ ሳታደርግ፣ «መጀመሪያ እኔን ርገጡና ግቡ» አለቻቸው። ከፊት የነበሩት ቆሙ። ከኋላ ያሉት ትንሽ ገፉ፣ ኋላ እነሱም ተዉት። ፖሊስ መጥቶ እስኪወስደው ድረስ ከበሩ አልተነቃነቀችም።

እኔንና ይግዛውን በአንድ ባጃጅ ወደ ሆስፒታል ወሰዱን። ጭንቅላቱ ጭኔ ላይ ነበር። የፀጋን ነጠላ አንገቱ ላይ ጠምጥሜ በጉልበቴ ተጫንኩት። መንገዱ ሲያነጥረን ደሙ በጨርቁ ውስጥ ይፈልቅ ነበር። ዓይኑን ገልጦ የመታው ማን እንደሆነ ጠየቀኝ። ሰው ሲጠራው የሰማሁትን ስም፣ ደረሰ የሚባል ነው አልኩት።

«የንብረት ወንድም?» አለኝ።

ይመስለኛል አልኩት።

«ሳይመጣ ቆየ» አለ ይግዛው። ከዚያ በኋላ ከእኔ ጋር አልተነጋገረም። ሐኪሞቹ ግራ እጁን ቆርጠው ሦስት ቀን ታገሉለት። በሦስተኛው ቀን ማለዳ ሞተ። በዚያው ቀን እኔ አጠገቡ ባለው ክፍል ውስጥ ነበርኩ፤ ሚስቱ ማንጠግቦሽ ስትጮህ ነው ያወቅኩት።

ቀብሩ ላይ እጄን ጠቅልዬ ሄድኩ። የይግዛው ወንድም ምትኩ ጠመንጃውን አንግቶ ከመቃብሩ ራስጌ ቆሞ ነበር። አላለቀሰም። ባለ ደም ሳያለቅስ ሲቀር ምን እንዳሰበ አንቺም ታውቂዋለሽ። የደረሰ እናት በዚያው ሰሞን ሁለት ትንንሽ የልጅ ልጆቻቸውን ይዘው ወደ ሰሃላ ዘመዶቻቸው ዘንድ ሸሹ።

ሰቆጣ ላይ ደግሞ ወሬው ወደ እኛ ዞረ። ጭራቅ እያሳየ ጭራቅ ጠራ፣ ቤቱ የደም ቤት ነው አሉ። ቆርቆሯችን ላይ ድንጋይ ተወረወረ። እኔም አንቺ ሳትነግሪኝ በፊት ቤቱን ዘግቼው ነበር። ወለሉ አፈር ስለሆነ ደሙ ጠልቆ ገብቶ ነበርና ስንዝር ያህል ቆፍሬ አወጣሁት፣ ከወንዙ ዳር አዲስ አፈር አምጥቼ ደለደልኩት። ግድግዳውን ፀጋ በጭቃ ለሰነችው። ከዚያ ቁልፉን አባባ እጅ ላይ አስቀመጥኩት።

ጥር ላይ ማረሚያ ቤት ሄጄ ደረሰን አየሁት። ለምን ሄድክ ትይኝ ይሆናል። ሌሊት ጣቶቼ በሌሉበት ቦታ ሲያሳክኩኝ የእሱ ፊት ይመጣብኝ ነበር። ፊቱን ደግሜ ካየሁት ይተወኛል ብዬ ነው። መንጋጋው ጠማማ ሆኖ ተጋጥሟል፣ የፊት ጥርሶቹ የሉም፣ ሲናገር ያፏጫል። መጀመሪያ ስለ እጄ ይቅርታ ጠየቀኝ፤ አንተን አላውቅህም፣ ከአንተ ጋር ምንም አልነበረኝም አለ። ከዚያ ሳልጠይቀው ይኼን ነገረኝ።

ከዚያ ቀን በፊት ሦስት ገበያ መጥቶ ነበር። ሦስቱንም ቀን መጥረቢያው ጋቢው ሥር ነበረ። በመጀመሪያው ቀን ይግዛውን ከኋላው ሆኖ እያየ፣ አሁን አሁን ሲል አያ ጭራቁ ከጉድጓዱ ወጥቶ በራሱ እግር ተጠልፎ ተደፋ። ደረሰ ሣቀ። ወንድሙ ከሞተ ወዲህ እንደዚያ ሥቆ እንደማያውቅ ነገረኝ። በሣቁ አፍሮ ሹልክ ብሎ ወጣ። በሁለተኛው ገበያ ፊልሙ ሳያልቅ አልነሣም አለና፣ ሲያልቅ ሰው ተቀላቀለበት። በሦስተኛው ገበያ በትክክል ይግዛው ጀርባ ተቀመጠ። ሁለቱም እኩል ሣቁ። ይግዛው ዞር ብሎ አየው። ሲታሠር ደረሰ ገና ጺም ያላወጣ ጎረምሳ ስለነበር አላወቀውም። ከኪሱ ቆሎ አውጥቶ ዘገነለት። ደረሰ እጁን ዘርግቶ ተቀበለ፣ በላም። የወንድሙን ገዳይ ቆሎ በልቶ ቤቱ ሲገባ የእናቱን ፊት ማየት አልቻለም። በአራተኛው ገበያ ሲመጣ በራሱ ተናዶ፣ ዓይኑን ከቴሌቪዥኑ ላይ እንዳያነሣ እየፈራ፣ እንዳያይም እየፈራ ነበር የተቀመጠው።

«ፊልሙ እስካለ ድረስ ያዘኝ» አለኝ። «መብራቱ ሲጠፋ ግን ከፊቴ የቀረው እሱ ብቻ ሆነ።»

ከዚያ ስወጣ መንገዱን እንዴት እንደጨረስኩት አላውቅም። የጄኔሬተሩን ካንዴላ፣ እሳት የሚጭርለትን፣ ያን ሰሞን ልቀይረው አስቤ ለነገ እያልኩ ያቆየሁት እኔ ነኝ። መጀመሪያ ስስበው ተነሥቶ ቢሆን ኖሮ እያልኩ ስንት ቀን እንደተብሰለሰልኩ ፀጋ ትንገርሽ። አባባ ግን የሰማሁትን ሁሉ ስነግራቸው ሽማግሌ ሁለት ጊዜ ተልኮ ያላገኘውን ሰላም ያ ምንጣፍ ለባሽ ለሦስት ገበያ አገኘ ማለት ነው አሉ። ቁልፉንም ከመጽሐፋቸው ሥር አውጥተው እጄ ላይ መለሱልኝ። ፍርድ ቤት ቀርቤ ስመሰክር የሦስቱን ገበያ ነገር ለዳኛው ነገርኩ። ዳኛው ይኼ ከጉዳዩ ጋር ምን ያገናኘዋል አሉኝ። አላውቅም፣ ግን እውነት ነው አልኩ። ደረሰ ዐሥራ ስምንት ዓመት ተፈረደበት።

የቀረው ምትኩ ነበር። ሽማግሌዎችና ካህናት መስቀል ይዘው ከፍልሰታ ወዲህ ያልተሰበሰበውን ያህል ሰው ሰብስበው ደሃና ላይ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ባለው ሜዳ ላይ ተቀመጡ። አባባም እኔም ተጠርተን ሄድን። የደረሰ እናት ከሰሃላ መጥተው ማጅራታቸው ላይ ድንጋይ ተሸክመው በጉልበታቸው ቀረቡ። ጉልበታቸው በጠጠሩ ተልጦ ይደማ ነበር። ምትኩ ፊቱን አዞረ። ሁለተኛ ተለመነ፣ እንቢ አለ። ደረሰን ባላገኝ ከዘሩ አንድ ወንድ አላጣም ብሎ በግልጽ ተናገረ። ካህኑ ግን መስቀሉን እንደዘረጉ ቆሙ።

ያኔ ማንጠግቦሽ ከሴቶቹ መሃል ተነሣች። ከባሏ ሞት ወዲህ ሰው ፊት ተናግራ አታውቅም። ወደ ምትኩ ሄዳ ቀበቶውን ያዘችው። ሁለት ወንዶች ልጆች አሉኝ፣ አንተ ዛሬ ብትገድል ነገ የሚፈለጉት እነሱ ናቸው አለችው። እሱ ደሙ የወንድሜ ነው አላት።

«ደሙ የኔ ነው» አለችው። «የማልፈልገውን ደም ማንም አይመልስልኝ።»

ምትኩ ረጅም ሰዓት ቆሞ ካያት በኋላ ጠመንጃውን ከትከሻው አውርዶ ካህኑ እግር ሥር አስቀመጠው፤ አስቀመጠው ከምል ጣለው ብል ይሻላል። መስቀሉን ተሳልሞ ደም እንደማይፈልግ ማለ። ለዕርቁ የታረደውን ግን ሳይቀምስ ብቻውን ተራራውን ወጥቶ ሄደ። ልቡ ታርቋል ብዬ አልነግርሽም። መሐላውን ግን እስከ ዛሬ አላፈረሰም። የደረሰ እናትና የልጅ ልጆቻቸው ወደ ቤታቸው ተመልሰዋል።

እኔም ከፋሲካ ማግሥት ቤቱን ከፈትኩት። ስለዚህ እንዳልሽኝ ዘግቼው አልቀረሁም፣ ይቅር በይኝ። ጄኔሬተሩ ካንዴላውም ገመዱም ተቀይሮለታል፣ አሁን መብራት በሄደ ቅጽበት ይነሣል። በሩ ላይ ሰው ሲገባ ጋቢውን የሚፈትሽ አለ። በጨለማ እንደ ጭራቅ መጮህም ቀርቷል፤ እኔ ሳልከለክል ሰዉ በራሱ ተወው። ለአያ ጭራቁ ግን ዛሬም ይሥቃሉ። የመጀመሪያው ቀን ማይኩን የያዝኩት መሣቅ ይችሉ ይሆን ብዬ እየሠጋሁ ነው። ሲደናቀፍ አንድ ሽማግሌ ጀመሩ፣ ያ ጎናቸው የተሰበረው ናቸው፤ ሲሥቁ ጎናቸውን ይዘው ነበር።

ባለፈው ሳምንት፣ ገበያ ባልሆነ ቀን ጠዋት፣ አግዳሚ ስጠግን በሩ ላይ ሰው ቆመ። ማንጠግቦሽ ናት። ብቻዋን ነበረች፣ በትርና የውኃ ኮዳ ይዛ። ጫማዋን በሩ ላይ አወለቀች፤ ቤቱ ቤተ ክርስቲያን አይደለም ልላት አልቻልኩም። እሱ የተቀመጠው የት እንደሆነ ጠየቀችኝ። ሦስተኛውን አግዳሚ አሳየኋት፣ ሄዳ ግድግዳውን ተጠግታ ተቀመጠች። ያን ሁሉ መንገድ እየሄደ የሚያየው ምን እንደነበር ማወቅ እፈልጋለሁ አለችኝ። መስኮቱን ሸፍኜ ልጀምርላት ስል እጇን አነሣች። የተመታ ቀን የት ድረስ አይቶት እንደነበር ጠየቀች። ጭራቁ ሴትዮዋን ተሸክሞ ገደሉን መውጣት እስኪጀምር ነው አልኳት።

«ከዚያ ጀምርልኝ» አለች። «እሱ ያላየውን ልይለት።»

ማይኩን አላነሣሁም። አግዳሚው ጫፍ ላይ ተቀምጬ በኽምጠኛ ቀስ እያልኩ ነገርኳት። ወታደሮቹ መጡ። ተኮሱ። ጭራቁ ሴትዮዋን ድንጋይ ላይ አስቀመጣት፣ ልብሷንም አራገፈላት። ሲመታ ምንጣፉ ተቀደደና ከውስጥ ያለው ሰው ሸሚዝ ታየ። የጭምብሉ ራስ ሊወልቅበት ሲል በሁለት እጁ ይዞ አስተካከለው። እዚያ ላይ ማንጠግቦሽ አፏን በነጠላዋ ሸፈነች፣ ትከሻዋም ተንቀጠቀጠ። ሣቅ ይሁን ልቅሶ አላየሁም፤ ፊቴን ወደ ቴሌቪዥኑ አድርጌ ቆየሁ። ጭራቁ ወደ ጉድጓዱ ወደቀ፣ ሰዎቹ ተሰብስበው ቁልቁል አዩት፣ ነጭ ጽሑፍ መጣ። ምን እንደሚል ጠየቀችኝ።

አለቀ ነው የሚለው አልኳት።

ጽሑፉ እስኪጠፋ ተቀመጠች። ከዚያ ነጠላዋን አስተካክላ፣ መንገዱ ረጅም ነውና ፀሐይ ሳትበረታ ልሂድ ብላ ተነሣች። እስከ ባጃጁ ማቆሚያ ሸኘኋት። በእግሬ ነው የምሄደው ብላ አልሳፈርም አለች።

አባባ ጉልበትሽን በሞቀ ውኃና በጨው እሺው፣ በየኪዳኑም ስምሽን እጠራለሁ ይሉሻል። ፀጋ በጣም ናፍቃሻለች፤ ቅንድቧ ላይ ያለው ጠባሳ እንዳያስደነግጥሽ ፎቶ ስትልክልሽ ሻሿን ዝቅ አድርጋ ነው። ሊድያ ጥቁር ጫማ ሳይሆን ቀይ እንድትልኪላት ትለምንሻለች፣ ጉንጭሽንም ትስማለች። አብረውሽ ላሉት የአገር ልጆች ሁሉ ሰላም በይልኝ። አሮጊቷንም እግዚአብሔር ይማራቸው በይልኝ። አንቺ ደግሞ ስታነቢ ብታለቅሺም ስታበቂ ደውይልኝ፤ መሥመሩ ቢቆረጥ እኔ መልሼ እደውላለሁ።

ወንድምሽ ንጋቱ ወልደ ሐዋርያት

ሰቆጣ፣ ግንቦት 19 ቀን 2017 ዓ.ም.